ቡናው ጥሬ ሳለ

ቤት የተፈላ ቡና ጣዕም ሲያጣ የምትወቀሰው አፍዪዋ ናት። አሳረረችው፣ ውሃ አበዛችበት ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ጀበናው ከመጣዱ ሳምንታት አስቀድሞ፣ ገበያ ላይ ወይም ጓዳ ውስጥ የተሠራ ነው ባይ ነኝ።

ሻጩ «የይርጋጨፌ ነው»፣ «የሐረር ነው» ሲል ስሙን ከማመንዎ በፊት አንድ እፍኝ ዘግነው ወደ ብርሃን ይውጡ። የታጠበ ቡና ወደ አረንጓዴና ግራጫ ያደላል። እንደ ሐረር ቡና ከነልጣጩ በፀሐይ የደረቀው ደግሞ ቢጫነት ይታይበታል፤ ቢጫ ስለሆነ ብቻ አይጣሉት። የሚያሰጋው ግማሹ የነጣ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ አሮጌና አዲስ ተቀላቅሎ ይሆናል። ጥቁር፣ የተሰባበረና ነቀዝ የበሳው ፍሬ የበዛበትንም ይተዉት። መጠኑ የተዘባረቀ ቡና ምጣድ ላይ እኩል አይበስልም፤ ደቃቁ ሲያር ትልቁ ገና ጥሬ ነው።

ከዚያ ያሽትቱት። የሻጋታ፣ የጆንያ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ካለው ቆሉትም አልቆሉት አይለቅም። አንዷን ፍሬ በጥርስዎ ይሞክሯት። በደንብ የደረቀ ቡና ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ ጥርስን ይፈትናል፤ የጥርስ ምልክት ተቀብሎ የሚጎደጉድ ከሆነ ገና እርጥብ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው፤ ስለዚህ «የዘንድሮ ነው የአምና?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ ክረምት ሦስት ኪሎ ጥሩ ቡና ገዝቼ በፌስታል እንደታሰረ የጓዳ ወለል ላይ አስቀመጥኩት። ነሐሴ ላይ ስፈታው ፌስታሉ ከውስጥ አልቦታል፣ ፍሬዎቹ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቷል። ሁሉንም ጣልኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥሬ ቡና አየሩ ሲረጥብ አብሮ ይረጥባል፣ ያገኘውንም ሽታ ይጠጣል። ከበርበሬ፣ ከሳሙና ወይም ከነጭ ሽንኩርት ጋር አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ቡና ሲኒው ላይ ያሳብቃል። በጨርቅ ከረጢት አድርገው፣ ከወለልና ከግድግዳ አርቀው፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ያኑሩት። እንዲህ ከተያዘ ለወራት፣ እስከ አንድ ዓመት ገደማም ይቆያል። ሲቆሉ የሚያጥቡት የዕለቱን ብቻ ይሁን፤ ታጥቦ የተረፈውን ወደ ከረጢቱ አይመልሱ።

ከተቆላ በኋላ ዕድሜው ያጥራል። እሳቱ ፍሬውን ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ሲወጣ አየር ይተካዋል፣ መዓዛውም ይሄዳል። ሳይፈጭ በጥብቅ ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ነው። የተፈጨው ግን በቀናት ውስጥ ይደክማል። እናቶቻችን ለአንድ ጀበና የሚበቃውን ብቻ ቆልተው፣ ጭሱን ለእንግዳው አዙረው፣ ወዲያው የሚወቅጡት ዝም ብሎ ለወግ አይመስለኝም፤ ለቡናው ከዚህ የተሻለ አያያዝ አላውቅም።

በየቀኑ መቁላት ለማይመቸው ሰው እሑድ የሳምንቱን መቁላት ይበቃል። ሙቀቱ ፈጽሞ ሳይወጣለት ጣሳው ውስጥ አይክተቱት። ፍሪጅም አይመከርም፤ የወጡን ሽታ ይስባል፣ ሲወጣም ጤዛ ይይዛል። መውቀጥ ወይም መፍጨት ውሃው ሲጣድ ነው።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ ቡና የሚልኩም አገሩ ጥሬውን የሚያስገባ ከሆነ ጥሬውን፣ ለቅመውና አበጥረው ይላኩ። አፓርታማው ውስጥ የጭስ ማንቂያው እየጮኸ መቁላት ካልቻለ፣ በሚልኩበት ዋዜማ ቆልተው፣ ሳይፈጩ ይላኩለት።