ሐኪምን መጠበቅ በሽተኛን መጠበቅ ነው

ሰው ጤና ሳለ ሐኪምን እምብዛም አያስበውም። ሕመም በጠናበት ሌሊት ግን ከዘመድና ከወዳጅ ይልቅ የሚናፍቀው የሐኪሙን መምጣት ነው። ሐኪሙም በመጣ ጊዜ ደክሞ እንደ ሆነ፥ ተርቦ እንደ ሆነ፥ ወይም የታመመ ልጁን በቤቱ ትቶ መጥቶ እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም። በሽተኛው በዚህ አይወቀስም፤ በጭንቅ ላይ ያለ ሰው የሌላውን ጭንቅ ሊመዝን አይችልምና። ነገር ግን ሹመት የተሰጣቸው፥ በጀት የሚደለድሉና ሕዝብን የሚመክሩ ሰዎች ይህን ሳይጠይቁ ቢቀሩ የሚያቀርቡት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ በሽተኛው ሳይሆን በሽተኛውን ስለሚያክመው ሰው ነው።

በአገራችን ዘመናዊ ሕክምና በብዙ ድካም የተተከለ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አከሙ። ከዚያም ቀጥሎ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሐኪም ቤት ቆመ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ደግሞ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን፥ አብዛኞቹንም ሴቶች፥ እስከ ገጠሩ ቀበሌ ድረስ አደረሰ። ፍሬውም በቍጥር ታይቷል፤ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ 67 ወረዱ። ይህን ያደረገው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን ተሸክሞ ወንዝ የተሻገረና በሌሊት ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ የለበሰ ስለ ሆነ ይደክማል፤ ልቡም ይዝላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ከሥራ ብዛት የሚመጣውን መዛል በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲገልጸው፥ ራሱን የቻለ በሽታ ነው አላለም፤ ሳይቋረጥ ከሚከማችና መላ ካላገኘ የሥራ ጭንቀት የሚወለድ ነገር ነው አለ እንጂ። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛው ኃይል ማለቅ ነው። ሁለተኛው ልብ ከሥራው መራቅ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ በሽተኛውን በስሙ ይጠራ የነበረው ሐኪም አሁን በአልጋው ቍጥር ሲጠራው ማለት ነው። ሦስተኛው ሥራዬ ምንም አይጠቅምም የሚል አሳብ ነው። መንሥኤው የሥራው አደረጃጀት መሆኑን ካወቅን፥ የዛለውን ሰው «በርታ፤ ታገሥ» ብሎ ማለፍ ብቻ ፈውስ እንደማይሆን እናስተውላለን።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ሐኪም ሲመረቅ ቃል ገብቷል፤ ሥራውም መሥዋዕትነት ነው፤ ስለ ዕረፍትና ስለ ደመወዝ ሊናገር አይገባውም» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ያማረ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አይቆምም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በጄኔቭ ያወጣውን የሐኪሞች ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ሲያሻሽለው፥ ሐኪሙ ለበሽተኛው የበለጠ እንክብካቤ ለመስጠት የራሱንም ጤናና ደኅንነት እንዲጠብቅ የሚያዝዝ ቃል ጨምሮበታል። እንግዲህ ራስን መጠበቅ ከመሐላው ውጭ የሆነ ምቾት ፍለጋ ሳይሆን የመሐላው አንድ ክፍል ሆኗል ማለት ነው።

ለዚህም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በአንድ ሐኪም ቤት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ምርመራ ታትሞ ወጥቶ ነበር። ጀማሪዎቹ ሐኪሞች ሌሊቱን ጨምረው ከ24 ሰዓት በላይ ሳያቋርጡ እንዲሠሩ በሚያደርገው በቀድሞው የተራ ደንብ ሲሠሩ፥ ሰዓቱ ተቀንሶላቸው ከሠሩበት ጊዜ ይልቅ ከባድ ስሕተታቸው ከመቶ 36 ያህል በልጦ ተገኘ። ልብ እናድርግ፤ ሰዎቹ ዕውቀታቸው አልተለወጠም፤ ትጋታቸውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንቅልፋቸው ነው። በአሜሪካም ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በሥራ ላይ የሚማሩ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ተወስኖ ነበር። 80 ሰዓትም ቢሆን እጅግ ብዙ ነው፤ ሆኖም ልክ የተደረገለት ሥራ ልክ ከሌለው ይሻላል።

በእኛ አገር ሸክሙን የሚያከብደው የሰዎቹ ማነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው ከ4 በላይ ሐኪሞች፥ ነርሶችና አዋላጆች እንደሚያስፈልጉ ገምቷል፤ የእኛ ከዚህ ልክ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። በዚህ ላይ መከራ ተጨመረ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ዓ.ም. ድረስ ብቻ፥ በመላው ዓለም 115,000 ያህል የጤና ሠራተኞች እንደ ሞቱ ይኸው ድርጅት ግምቱን ተናግሯል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ደግሞ ብዙ ሐኪም ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ ፈረሱም። በመቀሌ በዓይደር ሐኪም ቤት የሚያገለግሉት ሰዎች ከዓመት የሚበልጥ ጊዜ ደመወዝ ሳይቀበሉ፥ መድኃኒትም እያለቀባቸው፥ በሽተኞቻቸውን ሳይተዉ ቆይተዋል። እንዲህ ያለውን ትጋት ማመስገን ይገባል፤ ነገር ግን የሰው ትዕግሥት በየዓመቱ እንደሚታጨድ ሰብል ሳይቈጠር የሚወሰድ ሀብት አይደለም።

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. የሆነውንም የሚረሳው የለም። የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ኹኔታ አቤቱታ አቀረቡ፤ በብዙ የመንግሥት ሐኪም ቤቶችም ሥራ እስከ መቋረጥ ደረሰ፤ ከእነርሱም መካከል የታሰሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሽተኞች ተጐድተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ብልህ ሐኪም ትኵሳት ሲያይ ትኵሳቱን አይቈጣውም፤ መንሥኤውን ይፈልጋል እንጂ። ብዙ ዓመት ተምሮ ወጥቶ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለልጆቹ እንጀራ የማይተርፈው ሰው ያሰማው ድምፅ የአንድ ሕመም ምልክት ነው። ምልክቱን ዝም ማሰኘት ሕመሙን አያጠፋውም፤ ውሎ አድሮ ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ወይም ሥራውን ይለውጣል፤ ወይም በቦታው ተቀምጦ በልቡ ይሸሻል። ከሦስቱም ይህ የመጨረሻው ይከፋል፤ በመዝገብ ላይ አይታይምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢሉ፥ ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይፈጸም እናውቃለን። ቢሆንም ብዙ ወጪ ሳያስፈልገው በአስተዳዳሪው ትጋት የሚሆን ነገር ሞልቷል። የሌሊት ተረኛ የሚያርፍበት ንጹሕ አልጋ፥ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃና የሚቀምሰው እህል ይዘጋጅለት። የተረኛነቱ ገንዘብ ወር ሳያልፍበት ይከፈለው። ጓንትና ሳሙና አይጕደልበት፤ የጉበት በሽታ በደም ስለሚተላለፍ ክትባቱ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ክፍሉን ለምትጠርገው ሴትም ይሰጣት። በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ጠባቂ ይቁም። ጽሕፈት የሚያውቅ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን የወረቀት ሥራ ከሐኪሙና ከነርሷ ላይ ያንሡላቸው። ልቡ የታወከ ሐኪም ምክርና ሕክምና ሲፈልግ ነገሩ በምስጢር ይያዝለት፤ ለሹመቱና ለእንጀራው መሰናክል አይሁንበት። ከሁሉም በላይ የበላዩ ሹም በየጊዜው ጠርቶ «ምን አስቸገረህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ ከጠየቀም በኋላ የሚችለውን ያድርግለት።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሲራክ ሐኪምን ስለ ማክበር ሊጽፍ የወደደው በከንቱ አይደለም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው ዮቶርም፥ ይህ አሠራር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል በማለት ሥራው በሺህ፥ በመቶ፥ በኀምሳና በዐሥር አለቆች እንዲከፈል መከረው። ዮቶር ሙሴን በስንፍና አልነቀፈውም፤ ሙሴም ምክሩን እንደ ውርደት አልቈጠረውም። ዛሬም ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆሞ፥ በኀዘን የተናደደ ዘመድ እጁን በነርስ ላይ እንዳያነሣ፥ ሐኪሙን እንዳይሰድብ ቢያስተምር፥ በሐኪም ቤቱ በር ከሚቆመው ዘበኛ የበለጠ ጥበቃ ይሆናል።

መንግሥት ሐኪም ቤት ሲሠራ ግንቡን ይመርቃል፤ መሣሪያውንም ቈጥሮ ይረከባል። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ይጠራል፤ ሳይበላሽም በየጊዜው ዘይት ይቀባል። በዚያው ቤት ውስጥ ያለ ሐኪም፥ ያለች ነርስ፥ ያለች አዋላጅ ከመሣሪያ ያነሰ አሳብ ሊደረግላቸው አይገባም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብብ ሹም ሁሉ ነገ ወደ ሥራው ሲገባ በእጁ ያለውን በጀት ከፍቶ፥ ለሕንፃውና ለመኪናው ከተመደበው ቀጥሎ ለሠራተኞቹ ደኅንነት የተመደበው ስንት እንደ ሆነ ይመልከት። ምንም ያልተመደበ ቢሆን ሥራው ከዚያ ይጀመር።