ከኬላ እስከ ሰልፍ ኮንቴይን

በወላይታ፣ ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ሃላሌ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ አንድ የጣልያንኛ ቃል ይሰማል። ረዳቱ የገበሬውን ጆንያ አይቶ «ፖርቶመጋላ ላይ ይጫን!» ይላል። «ፖርታባጋሊ» በጣልያንኛ ዕቃ ተሸካሚ ማለት ነው፤ የኛ አንደበት ባጋሊውን መጋላ አደረገው። ታርጋ፣ ጎማ፣ ፍሬንና ፌርማታም የዚያው ቋንቋ ልጆች ናቸው። ወራሪውን ጣልያን በ1933 ዓ.ም አስወጣን፤ ቃላቱ ግን ከመኪናው ጋር ቀሩ።

ማደሪያውም እንዲሁ ነው። አልቤርጎ በጣልያንኛ ሆቴሉ ራሱ ነው። እኛ ዘንድ ቤርጎ ሆኖ ወደ አንዲት ክፍል ጠበበ። አሁን ደግሞ «አልጋ አለ?» እንላለን፤ የምንጠይቀው ግን ክፍል ነው። ያው አልጋ በድሮው አማርኛ ዙፋንም ነበር፤ አልጋ ወራሽ የሚለው ማዕረግ ይመሰክራል።

ሆቴል የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ሆስፒታልም ወንድሙ ነው። ሥረ ቃሉ «ሆስፔስ» እንግዳውንም አስተናጋጁንም ይጠራል። የኛ «እንግዳ» ደግሞ የማይታወቀውንም የሚስተናገደውንም ሰው አንድ ላይ ይዟል። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመ መንገደኛ ሁለቱም ነው።

እኔ የምወደው ቃል ግን ኬላ ነው። ዛሬ ኬላ ሲባል ፍተሻና ቀረጥ ይታወሰናል። በጊቤ መንግሥታት የድንበር በር ኬላ ይባል ነበር። በወላይታ የካዎ (የንጉሥ) አማዶ ኬላ፣ ከኦሞ ማዶ በዳውሮ ደግሞ የካዎ ሃላላ ኬላ አሉ፤ ሁለቱም ለመከላከያ የተካቡ የድንጋይ ግንቦች ናቸው። ስለዚህ «ሃላላ ኬላ» የሚለውን የሎጅ ስም የሰማ ሰው የታጠፈ ገመድና ፈታሽ ሳይሆን ካብ ያስብ።

የሚያስቸግሩት በቅርቡ የገቡት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። «ሰልፍ ኮንቴይን» በመነሻው የራሱ መታጠቢያና ማብሰያ ያለው፣ ከጎረቤት የማይጋራ ቤት ነው። እኛ ማብሰያውን ትተን ሻወርና ሽንት ቤት በውስጡ ያለውን ክፍል ጠራንበት። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚሠራው። ነገር ግን ውኃው ይሙቅ አይሙቅ፣ ሌሊት ይኑር ይጥፋ ቃሉ አይነግርዎትም።

«ቼክ አውት 12፡00» የሚለው ደግሞ ኪስ ይነካል። ባለሆቴሉ ቀትርን ማለቱ ነው፣ በውጭ አቆጣጠር። በሀገራችን አቆጣጠር የሚኖር እንግዳ ግን 12 ሰዓትን ምሽት አድርጎ ያነባል። ሻንጣውን ክፍሉ ውስጥ ትቶ ገበያ ይወጣል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲመለስ የሁለተኛ ቀን ሒሳብ ይጠብቀዋል። እንግዳው አልዋሸም፤ ባለሆቴሉም አላታለለም፤ የተጣሉት ሁለት ሰዓቶች ናቸው። ቢሆንም የሚከፍለው እንግዳው ነው፣ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም። በውጭ ቃል የሚነግድ ሰው ትርጉሙን የማስረዳት ግዴታ አለበት።

የሶዶና የሃላሌ ባለሆቴሎች ሆይ፣ በሩ ላይ በአማርኛና በወላይትኛ «ክፍል የሚለቀቀው ከቀኑ 6 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። እርስዎም አንባቢ፣ ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለው ይጠይቁ።