ሐኪሙ በስልክ፣ አረጋዊው በቤት

እናትዎ ወይም አባትዎ አቅም ከድቷቸው፣ ሆስፒታል ደርሶ መመለሱ ራሱ ሌላ ሕመም ሆኖባቸዋል? ታክሲው፣ ወረፋው፣ ደረጃው አድክሟቸው ሲመለሱ ሁለት ቀን ይተኛሉ። ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ከሐኪማቸው ጋር ተስማምቶ የክትትሉን ከፊል በስልክ ወይም በቪዲዮ ማካሄድ ይቻላል። ቴሌሜዲስን የሚባለው ይኸው ነው።

ነገር ግን ሐኪሙ በስልክ ሊዳስሳቸው አይችልም፤ እጁና ዓይኑ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ «ዛሬ ደከም ብለዋል» ብቻ ከማለት ቁጥር ይዘው ይደውሉ። ደም ግፊት የሚለካው ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ ክንዳቸው ከልብ ትይዩ ሆኖ ነው። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክተው ከነሰዓቱ ይጻፉ።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን ቆመው የሚለካውን ነው። ለሱብሒ ሲነሱ ዓይናቸው ጭልም የሚልባቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ውዱእ ሊያደርጉ ሲሄዱ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ዳግም በእግራቸው ላይሄዱ ይችላሉ። ተኝተው ሳሉ ይለኩ፤ ከቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙ፤ ሲቆሙ ግን ደግፈው ይያዟቸው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪሙ ይንገሩ። ምክንያቱ የግፊት ወይም የሚያሸና መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በራስዎ ግን አያቋርጡባቸው።

የልብ ድካም ላለባቸው ሚዛን ያስፈልጋል። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውኃ እየቋጠሩ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ። በጣት የሚለካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ጥቁር ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ባለበት ጣት ላይ ሊሳሳት ይችላል።

በቪዲዮ ሲገናኙ የመድኃኒቱን ከረጢት ሁሉ ያሳዩ። ጥቁር አዝሙድና ሌላ ባህላዊ መድኃኒት ካለም አይደብቁ። ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድመውም ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ይጠይቁ። ሁሉንም መልስ እርስዎ አይመልሱ፤ እሳቸውም ይናገሩ። ቁስል ለማሳየት ካሜራ ከማዞርዎ በፊት ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ሽማግሌ ናቸው ተብሎ ገመናቸው አይገለጥም።

ፊታቸው በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ፣ ደረታቸውን ከጨመቃቸው ወይም ድንገት ሰው መለየት ካቃታቸው ግን የስልክ ምክር አይጠብቁ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዘው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።