የጆሃንስበርጉ ቃል ለጄፒ ምን ይፈይዳል?

የቡድን 20 አገሮች መሪዎች ኖቬምበር 22 እና 23 ቀን 2025 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ነበር። ጉባኤው በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ አልገኝም ብላ ስትቀር፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በእንግድነት ተገኝተዋል። በመጀመሪያው ቀን የጸደቀው መግለጫ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ብዙ ይላል፤ ቴክኖሎጂው የሚታመን፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና ለሁሉም የሚደርስ እንዲሆን ያሳስባል። ለአፍሪካ ተብሎ የተነደፈ እቅድንም ያነሣል።

ቃሉ መልካም ነው። ጥያቄያችን ግን ከጉባኤው አዳራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ጄፒ ጎዳና ላይ ለሚነግደው ወገናችን ምን ይፈይዳል? የሚል ነው። መንገዱ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ቢሰየምም ሐበሻው ጄፒ ማለቱን አልተወም። ከሆሳዕና፣ ከከምባታ፣ ከአዲስ አበባና ከሌላውም አካባቢ የመጣው ስደተኛ በየፎቁ በተሸነሸኑ ጠባብ ሱቆች ልብስና ብርድ ልብስ ይቸረችራል። ለዚህ ሰው ኢንተርኔት ማለት የእናቱ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ሲቋረጥ ማንን ይጠይቅ?

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከምርጫ 97 በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቶ እስከ ሴፕቴምበር 2007 ቆይቷል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ተቃዋሚ ድረ ገጾችና ብሎጎች ከአገር ቤት እንዳይነበቡ ታገዱ። በጁን 2018 ከ200 በላይ ድረ ገጾችና የመገናኛ ብዙኃን ተከፈቱ ሲባል ብዙዎች እፎይ ብለው ነበር። መንግሥት ተለወጠ፤ መቀሱ ግን አልተለወጠም።

በጁን 2020 መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ትግራይ ከዓለም ተቆረጠች። ከጆሃንስበርግ አፍንጫ ሥር ባለችው ፕሪቶሪያ ኖቬምበር 2 ቀን 2022 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ የተቋረጡ አገልግሎቶች እንደሚመለሱም ቃል ተገባ። ወሩ ሳያልቅ የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር መድረክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። እንግዶቹ ስለ ሁሉን አካታች ኢንተርኔት ሲመክሩ ትግራይ ገና በጨለማ ውስጥ ነበረች። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ተራው የአማራ ክልል ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ወንድሙ ይሙት ይዳን ሳያውቅ ቀን የቆጠረው ስደተኛ ስንቱ ነው?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ስምምነት አገሮች ኢንተርኔት ከመዝጋት እንዲታቀቡ በግልጽ ይጠይቃል። የአፍሪካ የሰብአዊና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም በ2024 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 580 በምርጫ ወቅት ኢንተርኔት እንዳይዘጋ አሳስቧል። ችግሩ ቃሉን ያፈረሰውን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። አስገዳጅ የሌለው ስምምነት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ጠያቂ ማለት ምን እንደሆነ ከደቡብ አፍሪካ መማር ይቻላል። እዚህ የግል መረጃን የሚጠብቀው ተቋም ተጠሪነቱ ለፓርላማ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትንም ጭምር ይጠይቃል። ኢትዮጵያም በ2024 አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ጥበቃውን የሰጠችው ግን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መንግሥት ራሱ የቴሌ ባለቤት በሆነበት አገር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መንግሥትን ከልቡ ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ደቡብ አፍሪካም ጻድቅ አይደለችም፤ መጤ ጠል ወሬ በማኅበራዊ ድረ ገጽ እየተናፈሰ የወገናችንን ሱቅ ለዘረፋ ሲያጋልጥ አይተናል። ልዩነቱ ቢያንስ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት መኖሩ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። መስመር የሚዘጋ ባለሥልጣን ትእዛዙን በጽሑፍ ያውጣ፤ ምክንያቱን ይናገር፤ ፍርድ ቤት ይመርምረው። አገሮች በየጉባኤው ሲገናኙም ስለ ነገው ማሽን ከመራቀቃቸው በፊት ዛሬ መስመሩን የቆረጠውን እንግዳ ይጠይቁት። በደቡብ አፍሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም በብሔር ሳንከፋፈል፣ የማንም ክልል ሲዘጋ የሁላችንም ተዘጋ ብለን እንጩህ። ትናንት የትግራይ እናት፣ በኋላም የአማራ እናት ድምፅ ጠፋ። ዝም ካልን የነገዋ እናት የማናችንም ልትሆን ትችላለች።

ቸር ወሬ ያሰማን።