ጊንጥ ሲባል የትኛው?

ድንጋይ ሲገለበጥ ጅራቱን ቆልምሞ ብቅ የሚለውን ፍጡር ያየ ሰው ስሙን ለመጥራት አይቸገርም። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ጥቁር ይሁን ቢጫ፣ ያው ጊንጥ ነው፤ ሁሉም ይነድፋል፣ ሁሉም ይገድላል፣ መፍትሔውም በጫማ መጨፍለቅ ነው። ስለ ጊንጥ ከሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ይሄ «ጊንጥ ያው ጊንጥ ነው» የሚለው ነው። ጉዳቱም ከሁሉም ይከፋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የዓለም ጊንጦች ካታሎግ 1,259 ዝርያዎችን መዝግቧል። ይህ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 የመጀመሪያዎቹን የጊንጥ ስሞች ካወጣበት ጊዜ አንስቶ በ240 ዓመት ውስጥ የተሰበሰበ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ሩብ ክፍለ ዘመን ግን ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ አድጎ ከ2,700 አልፏል። ጊንጦቹ አልተባዙም፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ በምድር ላይ የኖሩ ፍጡራን ናቸው። የተለወጠው የእኛ አያያዝ ነው፤ አንድ ብለን የቆጠርናቸው ብዙ ሆነው ተገኙ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ጤነኛ ሰውን የሚገድል መርዝ ያላቸው በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ጥቂት ናቸው ማለት ግን ጉዳታቸው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በ2008 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በጊንጥ እንደሚነደፍና ከ3,000 በላይ እንደሚሞት ይገልጻል፤ በተለይ ሕፃናት ለሞት የተጋለጡ ናቸው። የትኛው ጊንጥ ነው የነደፈው የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የቤተ ሙከራ ቅንጦት አይደለም።

«ትልቁና ጥቁሩ ነው ገዳዩ»

በምዕራብ አፍሪካ የሚኖረው ንጉሠ ነገሥት ጊንጥ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ጥቁር ነው፣ መቆንጠጫዎቹ ወፋፍራም ናቸው፣ ያየውን ሁሉ ያስደነግጣል። ንድፊያው ግን ለአብዛኛው ሰው ከንብ ብዙም አይብስም። አደገኞቹ በአብዛኛው ቡቲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ መቆንጠጫቸው ቀጭን፣ ጅራታቸው ግን ወፍራም ነው። አዳኙ በጉልበት ካልያዘ በመርዝ ይይዛል።

ይህን መለያ ብዙ ሰው እንደ ሕግ ሲጠቅሰው እሰማለሁ። እንደ ፍንጭ ብንይዘው ይሻላል። በኢራንና በኢራቅ የሚገኘው ሄሚስኮርፒየስ ሌፕቱሩስ ቡቲዴ አይደለም፣ ጅራቱ ቀጭን ነው፣ ሲነድፍም መጀመሪያ ላይ ብዙ አያምም። መርዙ ግን ሥጋን ያበሰብሳል፣ ይገድላልም። ቀለምም ቢሆን ያሳስታል። ሌዩሩስ በተባለው እጅግ መርዛማ ወገን ውስጥ የምናውቃቸው አብዛኞቹ ቢጫ ናቸው፤ በ2002 ከደቡባዊ ዮርዳኖስ የተገለጸው ዘመዳቸው ግን ጥቁር ነው።

«የታወቀ ጊንጥ እንዴት አዲስ ይሆናል?»

አዲስ ዝርያ ተገኘ የሚል ዜና ሲሰማ ብዙ ሰው የሚያስበው ሰው ያልረገጠውን ጫካና ማንም አይቶት የማያውቅ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለም አለ። ብዙ ጊዜ ግን አዲስ የሚባለው ጊንጥ የአካባቢው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሸሸው የኖረው፣ ሙዚየምም በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያስቀመጠው ነው። የጎደለው እሱን ከወንድሞቹ ለይቶ የሚያሳይ ጽሑፍ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሌዩሩስ ታሪክ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። ሌዩሩስ ኲንኬስትሪያቱስ የሚለው ስም የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከግብፅ በተገኘ ናሙና ነው። ከዚያ በኋላ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዓረቢያ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኝ ቢጫ፣ ባለቀጭን መቆንጠጫ ሌዩሩስ ሁሉ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖረ። የኢትዮጵያም ስም በዚህ ዝርያ መኖሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ተጽፏል። በ2014 ግሬም ሎው፣ ኤርሰን ያግሙርና ፍራንቲሼክ ኮቫርዢክ ናሙናዎቹን ጎን ለጎን አድርገው ሲመረምሩ ከዓረቢያ ብቻ አራት አዳዲስ ዝርያዎችን ለዩ። የእስራኤሉን ጊንጥም፣ ቀድሞ እንደ ንዑስ ዝርያ ይታይ የነበረውን፣ ሌዩሩስ ሄብራዬዩስ በሚል ስም ራሱን የቻለ ዝርያ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተጨምረዋል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ፀረ መርዝ የሚሠራው የጊንጡን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ በመውጋትና የፈረሱ ደም የሚያመነጨውን መከላከያ በማጣራት ነው። መርዝ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ፣ አንዳንዴም በአንድ ዝርያ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዱ መርዝ የተሠራ መድኃኒት ለሌላው እኩል ላይሠራ ይችላል። በጅዳም ሆነ በሙስካት ዳርቻ የሚሠራ ወገናችን ቢነደፍ የሚሰጠው መድኃኒት በየትኛው ጊንጥ መርዝ እንደተዘጋጀ መታወቅ አለበት። በ1993 ከሌዩሩስ መርዝ ውስጥ ክሎሮቶክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ ነበር፤ የአንጎል ዕጢን ሕዋሳት መርጦ ስለሚይዝ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን አብርቶ እንዲያይ ለማስቻል ሲሞከር ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሀብት ያለበትን እንስሳ በተሳሳተ ስም መዝግቦ መተው ቸልተኝነት ነው።

«ይህ የፕሮፌሰሮች ሥራ ነው»

አንድ ሰው በካሊፎርኒያ ያነሳውን የጊንጥ ፎቶ አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ተመልካቾች መድረክ ላይ ለጠፈ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ፕራክሪት ጄይንና ሃርፐር ፎርብስ፣ ምስሉን አይተው ከሚያውቋቸው ዝርያዎች ጋር እንደማይገጥም ተረዱ። አልትራቫዮሌት መብራት ይዘው በሌሊት ወደ ሥፍራው ሄዱ። የጊንጥ ቅርፊት በዚህ መብራት አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚያበራ በጨለማ ከሩቅ ይታያል፤ ቆዳውን ገና የለወጠ ጊንጥ ብቻ ቅርፊቱ እስኪጠነክር ድረስ አያበራም።

ተማሪዎቹ ከካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚዋ ሎረን እስፖሲቶ ጋር በመሆን በ2022 ሁለት ዝርያዎችን ገለጹ፤ ፓሩሮክቶነስ ሶዳና ፓሩሮክቶነስ ኮንክሉሰስ። ሁለቱም የሚኖሩት በደረቁ ጨዋማ ሐይቆች ዳርቻ ነው። የመጀመሪያው ያለበት ካሪዞ ሜዳ በሕግ የተጠበቀ ነው። ሁለተኛው ግን ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ በሆነ ጥበቃ በሌለው መሬት ላይ ተወስኖ ይኖራል። አንድ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ወይም አንድ የማዕድን ቁፋሮ ዝርያውን እንዳለ ሊያጠፋው ይችላል። ስም ባይኖረው ኖሮ ማንም ይጠበቅ ብሎ ሊከራከርለት አይችልም ነበር።

ይህን ስል ሥራው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ፎቶ ጥርጣሬን ያነሳል እንጂ ዝርያን አያረጋግጥም። ናሙናው በአልኮል ተቀምጦ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ሆዱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ከመጨረሻዎቹ እግሮች ኋላ ማበጠሪያ የመሰሉ ሁለት አካላት አሉ። ጊንጡ በሚራመድበት ጊዜ መሬቱን የሚዳስሰውና የሚያሸተው በእነሱ ነው። ጥርሶቻቸው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ በወንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይበዛሉ። ከዚያ ወደ መቆንጠጫዎቹ ይኬዳል። በእነሱ ላይ የአየር ንቅናቄን የሚሰሙ እጅግ ቀጫጭን ፀጉሮች ከየጉድጓዳቸው በቅለዋል። የፓሪሱ ማክስ ቫሾን በ1970ዎቹ እንዳሳየው የእነዚህ ፀጉሮች ብዛትና አቀማመጥ የጊንጥን ቤተሰብና ወገን ይናገራል። ፀጉሩ ቢረግፍ እንኳ ጉድጓዱ ይቀራል፤ የመቶ ዓመት ናሙናም ሊነበብ ይችላል። የጅራቱ አንጓዎች ርዝመትና ወርድ፣ በላያቸው የተሰለፉት ጥቃቅን እህል መሰል ጉብታዎች፣ የመንደፊያው ቅርጽ ሁሉ ይለካል፣ ይሣላል።

«ዲኤንኤ ካለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ አለ። ዲኤንኤ ትልቅ ረዳት ነው፤ የክሮሞዞም ቆጠራም እንደዚሁ። ነገር ግን በሁለት ቡድኖች መካከል የታየ የዘረ መል ልዩነት ሁለት ዝርያ ናቸው ወይስ አንድ ዝርያ ሆነው ተራራ ለያያቸው የሚለውን ብቻውን አይወስንም። አሮጌው የሙዚየም ናሙናም ብዙ ጊዜ የሚነበብ ዲኤንኤ አይተርፈውም። ስለዚህ ማስረጃዎቹ ተደጋግፈው መቆም አለባቸው።

ስሙን የሚያጸድቅ ኮሚቴ አለ የሚሉም ይኖራሉ። የለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ደንብ ያወጣል፣ ክርክር ይዳኛል፤ ለእያንዳንዱ ዝርያ ፈቃድ አይሰጥም። ጸሐፊው መግለጫውን ማሳተም፣ አንድ ናሙና ስሙን ተሸክሞ ለዘላለም እንዲኖር መምረጥና የት ሙዚየም እንደተቀመጠ መግለጽ ይኖርበታል። ሌላው ተመራማሪ ያንን ናሙና አይቶ ተሳስተሃል ሊለው ይችላል፤ ስም የሚሰረዘውም የሚጸናውም በዚህ መንገድ ነው።

በእሳት የተከበበ ጊንጥ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ይነድፋል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሙቀቱ አካሉን ሲያንዘፈዝፈው ጅራቱ ይወራጫል፤ የራሱ መርዝ ብዙም አይጎዳውም፣ የሚገድለው እሳቱ ነው። ግልገሎቹ እናታቸውን በልተው ይወጣሉ የሚለውም ሐሰት ነው። ጊንጥ የምትወልደው ነፍስ ያላቸውን ነጫጭ ግልገሎች ሲሆን፣ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪለውጡ ድረስ በጀርባዋ ታዝላቸዋለች። ነፍሳትም አይደለችም፤ ስምንት እግር ያላት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ናት።

ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመጣ፣ የአፍሪካ ቀንድ በጊንጥ ዝርያ እጅግ የበለጸገ ነው። በ2012 ኒዮቡቱስ አዋሼንሲስ ከአዋሽ ተገለጸ። በ2013 ደግሞ ኮቫርዢክና ባልደረቦቹ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነ ስም ያለው አዲስ ወገን አወጡ፤ ጊንት ይባላል። ጊንት ጋይታኮ የተባለው ዝርያው የተገለጸው ከኢትዮጵያ ነው። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በወጡት ተከታታይ የአፍሪካ ቀንድ ጥናቶች ላይ የሶማሊላንድ ተመራማሪዎች ስም ከእነ ኮቫርዢክ ጎን ሰፍሯል። የእኛ ሰዎች በዚህ ተርታ በብዛት አለመታየታቸው ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው። የዘረ መል ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሚቀረው ሌሊት መብራት ይዞ የሚወጣ፣ ያገኘውን ቆጥሮ የሚጽፍ ወጣት ነው።

ናሙና መሰብሰብ ፈቃድና ሥልጠና ይጠይቃል፤ ፎቶ ማንሳት ግን ለማንም ክፍት ነው። ጫማ ይደረግ፣ እጅ ከድንጋይ ሥር አይገባ። ጊንጡ ሳይነካ ከላይ አንድ፣ ጅራቱ በጎን እንዲታይ ሌላ ይነሳ፤ መቆንጠጫዎቹ ጥርት ብለው ይውጡ፤ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። የተነደፈ ሰው ካለ ቁስሉን መብጣትም ሆነ እግሩን በገመድ ማሰር ይቅርና ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፎቶው ያለ አደጋ ከተገኘ ለሐኪሙ ይታይ።