ከክንድ ተቀድቶ ለመንጋጋ

የኦቾሎን መንደር የሚያውቅ ሰው ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ ያውቃል። ከአባያ ሐይቅ በላይ በተንጠለጠለው ገደል ዋሻዎች ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብ የበሽታውን ተውሳክ ከሽኮኮው ወስዳ ወደ ሰው ታስተላልፋለች፤ ፊት ላይ የወጣው ቁስል ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይሽር ይቆያል። ስለዚህ የኦቾሎ ወዳጆቼ፣ ቁስል በጊዜው መሻሩ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አፍ ቁስል ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲተከል ሐኪሞች ከታካሚው ክንድ ደም ቀድተው ስለሚያዘጋጁት ድንቅ ነገር።

ኢምፕላንት የሚባለው በወለቀው ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። የሚይዘው ሙጫ አይደለም፤ አጥንቱ ራሱ ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ መልሶ ሊያወጣው ቢሞክር አልነቀል አለው። በ1965 ደግሞ ለመጀመሪያው ታካሚ ተከለ። ችግሩ ጊዜው ነው፤ አጥንቱ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ እስኪይዝ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል።

ደሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፕሌትሌቶች በደም ውስጥ የሚዞሩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። ስንቆረጥ ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛ ሥራቸው ነው፦ በሆዳቸው የያዙትን የዕድገት ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ እሱም አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሥጋ የሚሠሩ ህዋሳትን ወደ ቁስሉ ይጠራል።

አሜሪካዊው ሮበርት ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1998 በፕሌትሌት የበለጸገ ፈሳሽ ከአጥንት ንቅለ ተከላ ጋር ተጠቀመ። በ2001 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሹክሩን ነገሩን አቀለለው። መርጋትን የሚከለክል ምንም ኬሚካል በሌለው ቱቦ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀዳል፤ ወዲያው ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ገብቶ ለ10 ደቂቃ ገደማ ይሽከረከራል። ቱቦው ሲወጣ ቀይ ደሙ ከታች፣ ጠራ ያለው ፈሳሽ ከላይ ተለይተው ይታያሉ፤ በመሃል ቢጫማ፣ ለስላሳ፣ በወረንጦ የሚነሳ የረጋ ነገር ይገኛል። ይህ የፋይብሪን መረብ ነው፤ ሸማኔ እንደዘረጋው ድር ፕሌትሌቶቹን በክሮቹ መሃል ይዟል። ፍጥነት ግድ ነው፤ ደሙ ከመሽከርከሩ በፊት ቱቦው ውስጥ ከረጋ መረቡ እንደሚፈለገው አይወጣም። ሐኪሙ መረቡን ተጭኖ ስስ ካደረገው በኋላ ብሎኑ ዙሪያ ወይም ጥርሱ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ያኖረዋል። የራስ ደም ስለሆነ ሰውነት ባዕድ ብሎ አይዋጋውም።

ታዲያ ይሠራል? ለድድ አዎን፤ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል። የመንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣው ከባድ ሕመምም ይቀንሳል። ለአጥንት ግን ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ አንዳንድ ጥናት ብሎኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠንከር ብሎ መቆሙን ያሳያል፣ ሌላው ልዩነት አያገኝም። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መረቡ በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል፣ አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ አጋዥ ነው እላለሁ፤ የሚያጨስን ወይም ስኳሩን ያልተቆጣጠረን ሰው መንጋጋ ግን ብቻውን አያድንም።

ጥርስ ስታስነቅሉ ደግሞ ይኸው ፕሌትሌት ያለ ምንም ማሽን በጉድጓዱ ውስጥ ረግቶ ሥራውን ይጀምራል። እባካችሁ አትንኩት፦ ፋሻውን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሳችሁ ያዙ፤ ለ24 ሰዓት በኃይል አትጉመጥመጡ፣ አትምጠጡ፣ አታጭሱ።