ሎሚ በጓዳ፤ ለወጥ፣ ለኬክና ለማርማላታ

እንደሚታወቀው በአገራችን ሎሚ የማይገባበት ጓዳ ጥቂት ነው። የዶሮ ሥጋ በሎሚና በጨው ታሽቶ ይታጠባል፤ ዓሣ ይታሽበታል፤ አዚፋና የቲማቲም ሰላጣ ላይ ይጨመቃል፤ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሻይ ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ለዚህ ሁሉ በሳምንት የሚፈልገው ከጥቂት ፍሬዎች አይበልጥም። በደንብ የያዘ አንድ የሎሚ ዛፍ ግን ቤተሰቡ ሊጨርሰው የማይችለውን ፍሬ በአንድ ወቅት ያወርዳል።

በዘጌ ልሳነ ምድር ከቡናና ከጌሾ ጋር፣ በሌሎች የቆላና የወይና ደጋ ቀበሌዎችም በጓሮና በመስኖ ዳር ሎሚ ይበቅላል። ፍሬው በብዛት በሚደርስበት ጊዜ ዋጋው ይወድቅና ወደ ገበያ የሚወስደውን የአህያ ኪራይ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ስለዚህ ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ቤተሰብ ሎሚ በውድ ዋጋ ከገበያ ሲገዛ እናያለን።

ይህን ጽሑፍ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያዘጋጀነው፣ ያልተሸጠ ሎሚ በጓዳ ውስጥ ዋጋ ሊያገኝ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ፋብሪካ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንጹሕ ድስት፣ ጥቂት ስኳር፣ ጨውና ትክክለኛ አሠራር ነው።

አለቃቀምና አመራረጥ

በአብዛኛው ሎሚ የምንለው ትንሹን፣ ክቡንና ቆዳው ስስ የሆነውን ፍሬ ነው። ከእርሱ ሌላ ትልልቅ፣ ሞላላና ቆዳው ወፈር ያለ ዓይነት አለ። ትንሹ ለጭማቂ ይመረጣል፤ ትልቁ ልጣጩ ብዙ ስለሆነ ለኬክና ለማርማላታ ይመቻል። የሁለቱም ጭማቂ ከመቶ 5 እስከ 6 እጅ ያህል ሲትሪክ አሲድ አለው።

ፍሬው ተጎትቶ መነቀል የለበትም። ሲጎተት በእንብርቱ ላይ ያለው ቆዳ ይቀደድና በዚያ ቁስል አረንጓዴ ሻጋታ ይገባል። በመቀስ ወይም በስለታም ቢላ አጭር ዘንግ አስቀርቶ መቁረጥ ይገባል። ከመሬት የተለቀመ ፍሬ ከተቆረጠው ጋር መቀላቀል የለበትም፤ አንድ የሻገተ ፍሬ ቅርጫቱን ሊያበላሽ ይችላል። የተለቀመው ፍሬ ጥላና ነፋስ ባለበት ስፍራ ይቀመጥ።

ለወጥና ለሰላጣ

ሎሚ ከጣዕሙ ሌላ ቪታሚን ሲ ይሰጣል። ይህ ቪታሚን በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመንና በእንጀራ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ መጠን እንዲወስድ ይረዳል። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቪታሚን ሲ በእሳት ይጠፋል። ስለዚህ ሎሚው ወጡ ከእሳት ከወረደና ለብ ካለ በኋላ፣ ከተቻለም በማዕድ ላይ ይጨመቅ። ሻይና ቡና ብረቱ እንዳይወሰድ ስለሚያደርጉ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብለው ቢጠጡ ይሻላል።

ሎሚ እሳትን አይተካም

በየሰፈሩ የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ «ሎሚ ያበስለዋል» ይባላል። በሎሚ የተነከረ ዓሣ ወይም ሥጋ ነጣ ብሎ የበሰለ ይመስላል። ይህ የሚሆነው አሲዱ የሥጋውን ፕሮቲን ስለሚያጠነክረው ነው እንጂ ሥጋው በስሎ አይደለም። የኮሶ ትል እጭና ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያን በሎሚ ብቻ ይሞታሉ ተብሎ አይታመንም። ዶሮውን በሎሚና በጨው ማጠብ ሽታውን ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ቅላቱ እስኪጠፋ ድረስ መብሰል አለበት። የታጠበበት ዕቃ፣ ቢላውና እጅም በሳሙና ይታጠቡ። የልማት ሠራተኛው ይህን ነጥብ ሳያስተምር እንዳያልፍ እናሳስባለን።

የሎሚ ኬክ

ለኬክ መልካሙ የሎሚ ሽታ ያለው በጭማቂው ሳይሆን በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ የሚገኘው ቀለም ባለው ላይኛው ቆዳ ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ ክፍል እስኪታይ ድረስ በስሱ መፈቅፈቅ ይበቃል። ነጩ ከገባ ኬኩ ይመራል።

የሚያስፈልገው፦ ፉርኖ ዱቄት 250 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ እንቁላል 3፣ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ፣ ወተት ግማሽ ብርጭቆ፣ የ3 ሎሚ ልጣጭ፣ የሎሚ ጭማቂ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ።

አሠራሩ፦ በመጀመሪያ ልጣጩ ከስኳሩ ጋር በጣት ይታሻል፤ ስኳሩ ዘይቱን ይይዘዋል። ቀጥሎ እንቁላሉ ተጨምሮ እስኪነጣ ይመታል። ዘይቱና ወተቱ ይገባሉ። ዱቄቱ ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር ተነፍቶ በቀስታ ይደባለቃል፤ ጭማቂው በመጨረሻ ይገባል። ወዲያውኑ ቅቤ በተቀባ ዕቃ ተገልብጦ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን ውስጥ 40 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ኦቨን በሌለበት ቤት እንደ ድፎ ዳቦ ከታችና ከላይ ፍም በማድረግ ከባድ ክዳን ባለው ድስት ይጋገራል፤ ከታች ያለው ፍም ከላይኛው ያነሰ ይሁን። ስንጥር ተወግቶ ሲወጣ ሊጥ ካልያዘ ደርሷል።

ቤኪንግ ፓውደር ካልተገኘ በቦታው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ሶዳው ከላይ ከተጠቀሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ኬኩን የሚያነሣውን ጋዝ ያወጣል። ሶዳ ቢበዛ ግን ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል። በደጋ አገር የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ኬክ ቶሎ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ መቀነስና 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት መጨመር ይጠቅማል።

ማርማላታና የእኛ ስሕተት

በማርማላታ ሥራ ላይ ራሳችን የሠራነውን ስሕተት ብንነግር ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አንድ ቀበሌ ለእናቶች ማሳያ ስናደርግ፣ የያዝነው መጽሐፍ ማርማላታ በ105 ዲግሪ ይደርሳል ስለሚል ቴርሞሜትሩ እዚያ እስኪደርስ ጠበቅን። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህ ነገር ደርሷል፤ አውርዱት» ብለውን ነበር። አልሰማናቸውም። ሲቀዘቅዝ ማንኪያ የማይገባው፣ የጠቆረ ከረሜላ ሆነ። ስኳሩን እናቶቹ ከየቤታቸው አዋጥተው ያመጡት ስለነበረ ይቅርታ ጠይቀን ተካን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 105 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው፤ በዚያ ቀበሌ ግን 97 ዲግሪ በቂ ነበር። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያለው ሰው አስቀድሞ ውሃ አፍልቶ ይለካና በዚያ ላይ 5 ዲግሪ ይጨምር። ቴርሞሜትር የሌለው ጥቂት ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ያንጠባጥብ። ቀዝቅዞ በጣት ሲገፋ ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል። እኒያ እናት በዓይናቸው ያዩት ይህንኑ ነበር።

የሚያስፈልገው፦ ሎሚ ግማሽ ኪሎ፣ ውሃ 1 ሊትር ከሩብ፣ ስኳር 1 ኪሎ።

1. ሎሚው ታጥቦ ይጨመቃል። ፍሬውና ውስጠኛው ሥጋ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይቋጠራል፤ የሚያረጋው ፔክቲን በብዛት ያለው በፍሬው፣ በሥጋውና በነጩ ልጣጭ ነው።
2. ልጣጩ በቀጭኑ ተከትፎ ከጭማቂው፣ ከውሃውና ከቋጠሮው ጋር ያድራል። ማደሩ ልጣጩን ስለሚያለሰልስ ማገዶ ይቆጥባል።
3. በማግስቱ ልጣጩ በጣት ሲያዝ እስኪፈርስ፣ ውሃውም በግማሽ እስኪቀንስ ይቀቀላል። ስኳር ከገባ በኋላ ልጣጭ አይለሰልስም፤ ስለዚህ አይቸኮል።
4. ቋጠሮው ተጨምቆ ይወጣል። ስኳሩ ገብቶ በዝግታ ከሟሟ በኋላ በኃይለኛ እሳት እስኪደርስ ይፈላል።
5. ጠርሙሶቹ 10 ደቂቃ፣ በደጋ አገር እስከ 17 ደቂቃ ይቀቀላሉ። ማርማላታው ትኩሱን ተሞልቶ ወዲያው ይከደናል።

ድስቱ የኢናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። አሲድ አሉሚኒየምንና መዳብን ስለሚበላ በእነርሱ የተሠራ ማርማላታ ብረት ብረት ይላል።

በጨውና በፀሐይ

ስኳር በሚወደድበት ጊዜ ጨው አለ። በሞሮኮና በአካባቢዋ አገሮች ሎሚ በጨው ማኖር የቆየ ልማድ ነው። 1 ኪሎ ሎሚ በአራት ተሰንጥቆ 200 ግራም ጨው ይጠቀጠቅበታል፤ በጠርሙስ ታምቆ ጭማቂው እስኪሸፍነው ሎሚ ይጨመቅበታል። ከአንድ ወር በኋላ ልጣጩ ይለሰልሳል፤ ታጥቦና ተከትፎ ከዓሣ፣ ከምስርና ከዶሮ ጋር ይበላል። ከጭማቂው በላይ ብቅ ያለ ፍሬ እንዳይሻግት ተጠንቀቁ። በኦማንና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ትንሹ ሎሚ በጨው ውሃ ጥቂት ደቂቃ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ እስኪጠቁርና እስኪቀል ይደርቃል። ለወጥና ለሩዝ የሚያገለግለው ይህ ፍሬ በእነርሱም ቋንቋ ሉሚ ይባላል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ይህ ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ ቤተሰብ ትልቅ የኢናሜል ድስት፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር መግዛት ላይችል ይችላል፤ ማኅበሩ ግን አንድ ጊዜ ገዝቶ በተራ ሊያገለግል ይችላል። ስኳርና ጠርሙስም በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል።

በመጀመሪያው ወቅት ሥራው ለቤት ፍጆታና ለማሳያ ብቻ ቢሆን መልካም ነው። ስንት ኪሎ ሎሚ እንደገባ፣ ስኳሩ፣ ማገዶውና ጠርሙሱ ምን እንዳስወጡ ይመዝገብ፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይም የተሠራበት ቀን ይጻፍ። ሂሳቡ ሳይታወቅና አግባብ ካለው የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይገኝ ወደ ሽያጭ መግባት ኪሳራ ያስከትላል። ማሳያው በገበያ ቀን አይደረግ፤ የሥራው ባለቤቶች እናቶች ናቸውና ቀኑን እነርሱ ይምረጡ። በምድጃው አጠገብ ልምድ ያላቸው እናት «ደርሷል» ሲሉም የልማት ሠራተኛው መጽሐፉን ዘግቶ ሳህኑን ይመልከት።